ባልደራባ ያጡ ከተሞች፦ የስምጥ ሸለቆ ጉብኝት ታሪክና ፖለቲካው

በቀድሞው የአገራችን የቤተ መንግሥት ሥርዐት “ባልደራባ” የሚባል ሰው ነበረ። የውጭ እንግዳም ሆነ ከሩቅ አውራጃ የመጣ ባለጉዳይ በቀጥታ ወደ ንጉሡ አይገባም፤ ባልደራባ ይመደብለታል። ባልደራባው ለእንግዳው ማደሪያ ያሳያል፣ ድርጎው በወቅቱ መድረሱን ይከታተላል፣ ቃሉን ለጌታው ያደርሳል፣ የጌታውንም ቃል ይመልስለታል። በዚያው ልክ እንግዳው የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደተነጋገረ፣ ምን እንደጠየቀ ይመለከታል። አስተናጋጅነት፣ ቃል አቀባይነትና ጠባቂነት በአንድ ሰው ላይ የተደራረቡበት ሥራ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በአገሩ ሲዘዋወር የተመራው በዚህ ዐይነት እጅ ነው። ጓዙን የየመንደሩ ሰው ከወሰን ወሰን እየተቀባበለ ሲሸከም፣ መንገዱንና ማረፊያውን የሚወስነው ግን የሹማምንቱ ትእዛዝ ነበር።

እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1841 አምስት መቶ ያህል ሰዎችን ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር ሲወስድ ግን መንግሥት አላዘዘውም። መጠጥን የሚቃወሙ ሰዎች ለሚያደርጉት ስብሰባ ሕዝብ ማጓጓዝ ፈልጎ ነው። የተደራጀ ጉብኝት በዚያ አገር ከሐዲድ፣ ከማኅበርና ከገበያ ተወለደ፤ በእኛ አገር ከግቢ ተወለደ። እንግዳን ተቀብሎ አገር የማሳየቱ ተግባር ከመነሻው የመንግሥት ስለነበረ፣ የሚታየውም ነገር መንግሥት ስለ ራሱ ሊናገር የሚወደው ነገር ሆነ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ፣ ማለትም የቢሾፍቱ፣ የሞጆ፣ የአዳማ፣ የባቱና የሻሸመኔ መንገድ፣ በየቀኑ እልፍ መንገደኛ እያስተናገደ ተናጋሪ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ባልደራባ የተሾመላቸው ሌሎች ነበሩ።

የዘመናዊው ቱሪዝም ታሪካችን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1961 የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ሲቋቋም ነው። የድርጅቱ መሥራች አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ እ.ኤ.አ. በ2017 እስካረፉ ድረስ “የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት” ሲባሉ ኖረዋል፤ ስሙም ይገባቸዋል። “የ13 ወር ጸጋ” የተባለውን መጠሪያ የፈጠሩት እርሳቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 “ምድረ ቀደምት” በሚለው እስኪተካ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። የትኛውም ሥርዐት ሲመጣ መፈክር በሚቀየርበት አገር አንድ መፈክር ዘውድን፣ ደርግንና ኢሕአዴግን ተሻግሮ መኖሩ ራሱ የሚያስደንቅ ነው።

በዚያው ዘመን የተሠራው ሌላው ነገር “ታሪካዊው መስመር” ነው። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር በአውሮፕላን ተያይዘው አንድ ጉዞ ሆኑ። ለዚህ መስመር መልክዐ ምድር ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም። መስመሩ የመንግሥቱን የዘር ሐረግ የሚከተል ነው፤ ጎብኚው ከአክሱም ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲመጣ የሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት ትረካ በእግሩ እየረገጠ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች፣ የእኛ ነበሩ። በሁለቱም የማልኮራ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን መስመሩ “ታሪካዊ” ተብሎ ሲሰየም ከመስመሩ ውጭ የቀረው ሁሉ ምን ተባለ? ጥያቄዬ ይህ ነው።

መልሱን በየሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጡት ወረቀቶች ማንበብ ይቻላል። ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ የሐይቅ፣ የወፍና የፍል ውሃ መንገድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1963 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ሲቀመጡ፣ ከእነርሱ ጋር ቅዳሜና እሑድ የሚያርፍበት ቦታ የሚፈልግ ብዙ ዲፕሎማትና ባለሙያ መጣ። ላንጋኖ ለዚህ ተስማሚ ነበር፤ ውሃው እንደ ሻይ ቢቀላም የቢልሃርዚያ ስጋት ስለሌለበት ይዋኝበታል። በቀለ ሞላ የተባሉት ባለሀብት ነገሩ ቀድሞ ገብቷቸው በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔ፣ እስከ አርባ ምንጭ ድረስ በስማቸው የሚጠሩ ሆቴሎችን ተከሉ። በእኔ ግምት እኚህ ሰው ለስምጥ ሸለቆ መንገድ ያደረጉት አንድ ሚኒስቴር ከሚያደርገው ይበልጣል፤ መንገደኛ የት ምሳ እንደሚበላና የት እንደሚያድር የወሰኑት እርሳቸው ናቸውና። ይሁን እንጂ ሆቴል አልጋና ምግብ ይሰጣል እንጂ ትረካ አይሰጥም። ለታሪክ ወደ ሰሜን፣ ለመዝናኛ ወደ ደቡብ የሚል የሥራ ክፍፍል በዚህ ሁኔታ ጸና።

ክፍፍሉ ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ለማየት ሶደሬን ብቻ እንውሰድ። ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዋሽ ዳር ያለው ይህ ፍል ውሃ በሁላችንም አእምሮ የመዋኛ ገንዳና የጦጣ አገር ነው፤ ሳንድዊቹን በጦጣ ያልተነጠቀ የአዲስ አበባ ልጅ ጥቂት ነው። ሆኖም ከ26 የሶማሊያ ተፋላሚ ቡድኖች የተውጣጡ መሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1996 መጨረሻ እስከ ጥር 1997 ተቀምጠው “የብሔራዊ አድን ምክር ቤት” ለማቋቋም የተስማሙት በዚያው ስፍራ ነው። የሁሴን አይዲድ ወገን ባለመገኘቱ ስምምነቱ ዕድሜ አላገኘም። ቢሆንም “ሶደሬ” የሚለው ስም ዛሬም በሶማሊያ የፖለቲካ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ገንዳው አጠገብ ግን ይህን የሚናገር ሰው አይገኝም።

ባዶ ነው የተባለው መንገድ ባዶ እንዳልነበረ የሚያሳየው ሌላው ማስረጃ የከተሞቹ ስም ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዳማ “ናዝሬት”፣ ቢሾፍቱ “ደብረ ዘይት” ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1960 የቆቃ ግድብ ሲመረቅ ከኋላው የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ “ገሊላ” የሚል ስም አገኘ። ሦስቱን አያይዞ ያየ ሰው ነገሩ ይገለጥለታል፤ ናዝሬት፣ ገሊላ፣ ደብረ ዘይት። በኦሮሞ ምድር ላይ የወንጌል ካርታ ተዘርግቷል። ላሊበላ በድንጋይ የሠራችውን ኢየሩሳሌም ሃያኛው ክፍለ ዘመን በሰሌዳ ሊሠራት ሞከረ ማለት ነው። ልዩነቱ ላሊበላን የሚያስጎበኝ ካህን “ይህ ዮርዳኖስ ነው” ብሎ ሲያሳይ፣ የስምጥ ሸለቆውን የስም ካርታ ግን ያስጎበኘ አለመኖሩ ነው። ምናልባት ማስጎብኘት ማለት “ከዚህ በፊትስ ስሟ ማን ነበር?” የሚል ጥያቄን መጋበዝ ስለሆነ ይሆናል። አዳማ የሚለው ስም በኦሮምኛ ቁልቋልን ከሚያመለክተው ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ ቁልቋል ደግሞ ስም ቢቀየርም ከኮረብታው አልተነቀለም።

ደርግ ስሞቹን አልነካም፤ ባልደራባውን ግን መለሰው። ብሔራዊ አስጎብኚ ድርጅት ጉብኝትን በብቸኝነት ያዘ፤ የውጭ ሰው ከአዲስ አበባ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። አብሮት የሚሄደው አስጎብኚ ተቀጣሪ ብቻ አልነበረም፤ እንግዳው የት እንደቆመ የማወቅ ኃላፊነት ነበረበት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል አስጎብኚ ድርጅቶች ተፈቀዱ፤ አንዳንዶቹ ታላላቅ ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን የወረሱት ካርታ የአቶ ሀብተ ሥላሴን ዘመን ካርታ ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ወደ ኦሞና ወደ ባሌ የሚያሻግር ኮሪደር ሆኖ ቀረ። መኪናው ባቱ ላይ ለዓሣ ጥብስ ይቆማል፤ አባ ኮዳዎቹ ፎቶ ይነሣሉ፤ ጉዞው ይቀጥላል።

አሁን ወደ አዳማ ልመለስ። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል አዳማ ያልሄደ ያለ አይመስለኝም፤ አዳማን ያየ ግን ስንቱ ነው? ከተማዋ የአገሪቱ የስብሰባ ዋና ከተማ ናት። መሥሪያ ቤቱ ዕቅዱን የሚገመግመው፣ ፕሮጀክቱ ሠልጣኞቹን የሚያሠለጥነው፣ ረቂቅ ሕጉ “በባለድርሻ አካላት” የሚዳብረው አዳማ ላይ ነው። ምክንያቱንም እናውቀዋለን፤ አበል የሚያስገኝ ያህል ሩቅ፣ ዓርብ ማታ ቤት የሚያስገባ ያህል ቅርብ ናት። ተሰብሳቢው ከአዳራሽ ወደ ሻይ ዕረፍት፣ ከሻይ ዕረፍት ወደ አዳራሽ ይመላለሳል። ማታ ጥብስ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የፍጥነት መንገድ ደግሞ የቀረችውን እይታ ወሰዳት፤ ቢሾፍቱና ሞጆ የመውጫ ምልክት ብቻ ሆኑ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚያመራው መንገድም እስከ ባቱ በዚያው መልክ ተሠርቷል። መንገዱ አያስፈልግም አላልኩም፤ እኔም በየሳምንቱ እመላለስበታለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዐውደ ጥናት የመጣ አንድ የውጭ አገር የሙያ ባልደረባዬ ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ከከረመ በኋላ ከተማውን እንዳሳየው ጠየቀኝ። አንድ ባጃጅ ይዘን ወጣን። ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ሰሌዳው “አዳማ” እያለ የሚኒባሱ ረዳት ለምን “ናዝሬት! ናዝሬት!” እያለ ይጣራል? ሰፊውና ጭር ያለው ጣቢያ የማን ነው? ቁርስ ያቀረበለት መልካም ወጣት ጥርሱ ለምን በልዟል? ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ከተማዋን የሠሯት ሦስት ኃይሎች ናቸው፤ ስም፣ ሐዲድና ውሃ።

ከሐዲዱ ልጀምር። ከጂቡቲ የተነሣው መስመር ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ከምሥራቅ ሲመጣ አዳማን ያለፈው ከዋና ከተማው በፊት ስለሆነ፣ ከተማዋ ከባቡሩ ጋር አደገች። የባቡር ከተማ እንደ ነባር ከተማ በቤተ ክርስቲያን ወይም በገዥ ግቢ ዙሪያ አይደለም የሚከትመው፤ በጣቢያ ዙሪያ ነው። የመጣ ሁሉ ወርዶ ይቀራል። የአካባቢው ኦሮሞ ከብቱንና እህሉን ወደ ጣቢያው ሲያመጣ፣ ከሐረር፣ ከጉራጌ፣ ከሸዋ ደጋ፣ ከየመን ባሕር ማዶ የመጣው ነጋዴ እዚያው ተቀመጠ። ጓዝ ተሸካሚውና ባለ ጋሪው የከተማዋ የመጀመሪያ አስጎብኚዎች ነበሩ ብል ማጋነን አይደለም፤ እንግዳን ከሐዲድ ወደ ማደሪያ ሲወስዱ ማን የት እንደሚሸጥ፣ የማን ቤት እንደሚታመን የሚናገሩ እነርሱ ናቸው። የድሮው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጉዞውን ሲያቆም ይህ እውቀት አብሮ ተበተነ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማዋ እምብርት ርቆ ስለሠራ እንግዳው የሚወርደው ከከተማዋ ውጭ ነው።

ውሃው የባሰ ታሪክ አለው። ከአዳማ በስተ ደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ወንጂ አለ። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ የወደፊቱ ያሰጋው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ከፈተ። አዋሽ የሸንኮራ ወንዝ ሲሆን ሜዳው ላይ ከብቱን ያሰማራ የነበረው አርብቶ አደር ወደ ዳር ተገፋ፤ በምትኩ ከየአቅጣጫው የመጣ ሠራተኛ በየካምፑ ሠፈረ። ካምፖቹ የጉድጓድ ውሃ ይጠጡ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው በመሆኑ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ ለብዙ ዓመት የጠጣው አከርካሪው ይደርቃል። የወንጂ ሠራተኞች ሕመም ለአሥርት ዓመታት በሐኪሞች ሲመዘገብ ቆይቷል። እንግዲህ የአስተናጋጁ ጥርስ የንጽሕና ጉድለት አልነበረም፤ ለባልደረባዬ እንዳስረዳሁት ስኳሩን የበላን ሁላችን የምናውቀው ሊሆን የሚገባው የታሪክ ሰነድ ነው። ትንሽ ወደ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 በተደረገው ስምምነት ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው። በመርዝ ጋዝ ያለቀው ሕዝብ ካሳው 43 ሜጋ ዋት ገደማ ኤሌክትሪክ ሆኖ ለአዲስ አበባ በራ። ግድቡ ላይ ቆሞ ይህን የሚናገር አስጎብኚ ቢኖር ከማንኛውም ሐውልት በላይ የሚናገር ስፍራ ይሆን ነበር።

የስሙን ጥያቄ የመለሰለት ግን እኔ ሳልሆን የባጃጁ ሾፌር ነው። አያቶቹ ስፍራውን አዳማ ይሉት እንደነበር፣ እርሱ ግን በትምህርት ቤት ሰርተፍኬቱ ላይ የተጻፈው ናዝሬት መሆኑን፣ በሁለቱም ቢጠሩት ዘወር እንደሚል፣ በአንዱ ብቻ ጥራ ብለው የሚያስገድዱትን ግን እንደማይወድ ተናገረ። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. አዳማ የኦሮሚያ ዋና ከተማ ስትባል የተነሣውን ተቃውሞ፣ የተገነቡትን አዳራሾችና መሥሪያ ቤቶች፣ በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት ደግሞ መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ከተማዋ የተሰማትን ስሜት በራሱ አንደበት አወራ። አንዳንዱን እኔ አልቀበለውም፤ እዚያው ተከራከርን። ባልደረባዬ በሦስት ቀን የሰማው ምርጥ ክፍለ ጊዜ እርሱ እንደነበር ነገረኝ፤ የዐውደ ጥናቱ አዘጋጆች ይህን ባያነቡ ደስ ይለኛል።

ከአዳማ ወጥቶ ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ የአካባቢው ነዋሪ ራሱ ትርኢት ሆኗል። ጣሊያንን በተዋጋንበት ጊዜ ከጎናችን ለቆሙ የጥቁር ሕዝቦች ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ሁለት መቶ ሄክታር ገደማ የሚሆን አምስት ጋሻ መሬት በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ሰጡ። የመጀመሪያዎቹ መጤዎች ራስታዎች አልነበሩም፤ ራስታዎቹ በብዛት መምጣት የጀመሩት ንጉሡ በ1966 ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ አብዛኛውን መሬት ወሰደባቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቦብ ማርሊ መጥቶ አያቸው፤ በ2017 መንግሥት የመታወቂያ ካርድ እንደሚሰጣቸው አስታወቀ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት “ጃማይካ ሠፈር” የጎብኚ መኪና የሚቆምበት፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚታለፍበት ሠፈር ነበር። የተሰጠው መሬት ከመሰጠቱ በፊት የማን ነበር የሚለውን ጥያቄ ከጎብኚው ፊት የሚያነሣ አልነበረም፤ የጎረቤቱ አርሲ ኦሮሞ ገበሬ ግን ያነሣዋል። በአንድ በኩል ከባርነት ግፍ የተመለሰ ሕዝብ የተስፋ ምድር፣ በሌላ በኩል ያለ ፈቃዱ የተሰጠበት ባለ ርስት አለ። ሁለቱም እውነት የያዙ ናቸው። ጉብኝቱ ግን ግማሹን ብቻ ሲሸጥ ኖረ።

እዚህ ላይ ነገሩ የወሬ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ መናገር ግድ ይላል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በኢሬቻ በዓል ላይ መንግሥት ከ50 በላይ ብሎ፣ ተቃዋሚዎች ደግሞ እጅግ ከፍ ባለ ቁጥር የገለጹት ሕዝብ አለቀ። ከሦስት ቀን በኋላ አዲሱ ባቡር በክብር ተመረቀ። በዚያው ሳምንት በላንጋኖ ዳር የነበረው ቢሻንጋሪ ሎጅ ተቃጠለ። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላም ሻሸመኔና ባቱ ላይ ሆቴሎች ነደዱ፤ በሻሸመኔና በሌሎች ከተሞች ሰው በማንነቱ ተገደለ፣ ቤቱና ንብረቱ ወደመ። ያቃጠለውንም የገደለውንም የሚያጸድቅ ክርክር የለኝም፤ ወንጀል ነው። ይሁን እንጂ ወደ ሐይቁ የሚወርደው የከብት መንገድ በአጥር ሲዘጋ፣ ከአጥሩ ውስጥ ያለው ስለ ውጭው የሚያውቀው ነገር “ወዳጃዊ የአካባቢው ሕዝብ” የሚል የብሮሹር ሐረግ ብቻ ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ቃል የሚያደርስ ባልደራባ አለመኖሩ ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት ነቢይ መሆን አያሻም። ሎጆቹ ዘበኛ ቀጥረዋል፤ ተናጋሪ ግን አልቀጠሩም።

“በተጣላ ታሪክ ላይ ቱሪስት ማምጣት እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው” የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ስጋታቸው ተራ አይደለም። ለእነርሱ የምጠቅሰው ቤልፋስትን ነው። ሰሜን አየርላንድ ሠላሳ ዓመት ያህል ከተገዳደለች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 ስምምነት ላይ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ከሁለቱም ወገን የታሰሩ የቀድሞ ታጣቂዎች እንግዳን በእግር እያዞሩ ከተማቸውን ያስጎበኛሉ። አንዱ በካቶሊኮቹ መንገድ ይመራችሁና ሁለቱን ሠፈር የሚለየው ግንብ ዘንድ ሲደርስ ለፕሮቴስታንቱ አስጎብኚ ያስረክባችኋል፤ ያም ስለዚያው ዓመትና ስለዚያው ቦምብ ፍጹም የተለየ ነገር ይነግራችኋል። እርስ በርስ አልተስማሙም። የተስማሙት እንግዳውን በመረካከብ ላይ ብቻ ነው። ጎብኚው ግራ ተጋብቶ ይመለሳል፤ የሁለቱም ሠፈር ልጆች ግን የዕለት እንጀራ አገኙ፣ የሌላውንም ትረካ በግንቡ በኩል ሰሙት።

በሌላው ዓለም ገበያው ራሱ ወደዚህ አቅጣጫ ሄዷል። በርሊንን በመሳሰሉ ከተሞች ዋጋው በጉርሻ የሚከፈል የእግር ጉብኝት ተስፋፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኤርቢኤንቢ መኝታ ከማከራየት አልፎ ነዋሪው ለእንግዳ የሚያሳየውን ነገር በስልክ መሸጥ ጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥም ቡና ማፍላትና እንጀራ መጋገር “የአካባቢ ተሞክሮ” ተብሎ ይሸጣል። ቡናችን ክቡር ነው፤ ግን ከሁሉም በላይ ደኅና ነገር ነው፤ ማንንም አያስቆጣም። ባልደራባነቱ ከግቢ ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ እንግዳው የሚያየው ነገር አሁንም የተመረጠለት ነው። አዳማ ላይ ቡና የምታፈላው ሴት ወንጂ ካምፕ ውስጥ የተወለደች ልትሆን ትችላለች፤ ስለ ካምፑ የሚጠይቃት ግን የለም።

ባለቤቱ ራሱ ሲናገር ምን እንደሚመስል በከፊል የሚታየው ደምበል ሐይቅ ላይ ነው። የዛይ ሕዝብ በሐይቁ ደሴቶች ላይ የራሱን ቋንቋ፣ የራሱን ጀልባና የእርከን እርሻ ይዞ ኖሯል። ከደሴቶቹ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮን ተሰድዳ የተቀመጠችበት ነው የሚል ትውፊት አለው። “ታሪካዊው መስመር” የጀመረበት አክሱምና ይህ “የመዝናኛ” ሐይቅ በአንድ ትውፊት መያያዛቸውን ባሕር ዳር ላይ የሚነግራችሁ የለም፤ የባቱ ባለ ጀልባ ግን ሞተሩን እያጠፋ ይነግራችኋል። በዚያው አንደበት ከሐይቁ ዳር የአበባ እርሻዎቹ ውሃ እንደሚስቡ፣ ዓሣው እንዳነሰ፣ ወጣቱ ደሴቱን እየለቀቀ ወደ ከተማ እንደሚወጣ ያክላል። አንድ ጊዜ የሄድኩበት ባለ ጀልባ ከታቦቱ ታሪክ ወደ ውሃው ዋጋ የተሻገረው ያለ አንዳች ድልድይ ነበር፤ ለእርሱ ሁለቱም የሐይቁ ጉዳዮች ናቸውና።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በሚባለው ስፍራ፣ በፍጻሜው በዓመት 100 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ መንገደኛ የሚያስተናግድ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ አቅዷል። ይህ ከሆነ ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚረግጠው የስምጥ ሸለቆን አፋፍ ነው፤ ከአዲስ አበባ ይልቅ አዳማ ለብዙዎቹ ልትቀርብ ትችላለች። የገበሬው መሬት ካሳ፣ የልማት ተነሺው አዲስ መንደር፣ የሆራ ውሃ፣ የከተማዋ ሁለት ስም፤ ሁሉም ከመስኮቱ ሥር ይሆናሉ። የክልሉ መንግሥት የራሱን መዳረሻዎች ለማስተዋወቅ ከሰሞኑ ብርቱ ጥረት እያደረገ መሆኑን አያለሁ። ፖስተሮቹን ስመለከት ግን አሁንም ሐይቅ፣ ወፍና ፈረስ ናቸው፤ የሰው ንግግር አይታይባቸውም። የገዳ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ሲመዘገብ የተመዘገበው በዋነኛነት የንግግርና የመከራከር ሥርዐት መሆኑን ያስታወሰ ያለ አይመስልም።

የአዳማ ባለ ባጃጆች፣ የወንጂ ጡረተኞች፣ የባቱ ባለ ጀልባዎችና የጃማይካ ሠፈር ልጆች ማኅበር መሥርተው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ ከተማቸውን በየራሳቸው አንደበት የሚያስጎበኙበት ሕግና ሥልጠና ያስፈልጋል። ሥልጠናው ምን መናገር እንዳለባቸው የሚነግር ሰነድ ከሆነ ግን ባይሰጥ ይሻላል። ማሠልጠኛው የት እንደሚካሄድ ከወዲሁ መገመት አያስቸግርም፤ አዳማ ላይ፣ በሆቴል አዳራሽ፣ ከአበል ጋር። አውሮፕላን ማረፊያው ሲከፈት ደግሞ በሩ ላይ ቆመው “ናዝሬት! ናዝሬት!” እያሉ የሚጣሩ ረዳቶች አይጠፉም።